ጉጉት ያይደለ ስም፦ የሌዮንሃርድ ኦይለር ሕይወት

በአገራችን ልማድ ሰው የሚታወቀው በራሱና በአባቱ ስም ነው። በአውሮፓ ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተ ሰብ ስም ስላለ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ለአንድ ሰው የወጣለት ቅጽል ዘሩ እስካልጠፋ ድረስ አብሮ ይወርዳል። በዚህ ዓይነት አንጥረኛው፣ ባለ ወፍጮው፣ ተኩላውና ቁራው ሁሉ ዛሬ የሐኪም፣ የዳኛና የመምህር ስም ሆነው ይገኛሉ። ጉጉትም አልቀረም። ስዊድን ውስጥ ኡግላ የሚባል የታወቀ የመኳንንት ቤተ ሰብ አለ፤ ቃሉ በስዊድንኛ ጉጉት ማለት ነው። ሶቫ የሚለው ቃል በፖላንድኛም በቼክኛም ጉጉት ሲሆን፣ ከ1864 እስከ 1928 የኖረውን ቼካዊ ባለቅኔ አንቶኒን ሶቫን የመሰሉ ሰዎች ይጠሩበታል። ሩሲያውያንም ሲቾቭና ፊሊን የሚሉትን ስሞች ከጉጉት ዓይነቶች ወስደዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ነገር ለእኛ ጆሮ ይከብዳል። ከአእዋፍ ስም አናወጣም ማለት አይደለም፤ ርግብን ለሴት ልጅ እናወጣለን፤ አሞራው ውብነህ እየተባሉ የሚታወሱት የጎንደር አርበኛም አሉ። ጉጉትን ግን ለጠላት ልጅ እንኳ የሚመርጠው የለም። ጣሪያ ላይ አርፎ ከጮኸ ሞት ጠርቶ ነው ይባላል እንጂ፣ አይጥ ለማደን መምጣቱን የሚያስብለት ጥቂት ነው። የጥንት ግሪኮች ደግሞ በተቃራኒው የአቴና ወፍ፣ የጥበብ ምልክት ነው ብለው በገንዘባቸው ላይ ይቀርጹት ነበር።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ የሙያችን ባለውለታ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ሌዮንሃርድ ኦይለርን የመረጥሁት በከፊል በዚሁ በስሙ ምክንያት ነው። ተማሪዎች ሳለን ከፊሎቻችን ዩለር፣ ከፊሎቻችን ኦይለር እንለው ነበር። ጥቂት ጀርመንኛ የቀመሱት ደግሞ በዚያ ቋንቋ ጉጉት ኦይለ መባሉን እየጠቀሱ፣ ሰውየው ጉጉቴ የሚል ስም እንዳለው ያስረዱን ነበር። ግምቱ ይማርካል፤ ኦይለር የሕይወቱን መጨረሻ በጨለማ ሆኖ ሌላው በብርሃን ያላየውን ያየ ሰው ነውና ስሙና ታሪኩ የተገጣጠሙ ይመስላል። ዳሩ ግን ትክክል አይደለም።

የጀርመንኛ ስሞች መርማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ በራይን ወንዝ አካባቢና በሄሰን ኦይለር የሚባሉት ሰዎች ስም የመጣው ድስትንና እንስራን ከሚያመለክት ቃል ነው፤ መሠረቱ ኦላ የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙም ሸክላ ሠሪ ነው። የሒሳቡ ሊቅ ዘሮች ግን የመጡት በኮንስታንስ ሐይቅ ላይ ካለችው ከሊንዳው ከተማ ስለሆነ፣ የሕይወት ታሪኩን ከጻፉት ሊቃውንት አንዳንዶቹ ስሙን ረግረግ ካለበት ትንሽ መስክ፣ እኛ ጨፌ ከምንለው ጋር ያያይዙታል። ሸክላ ሠሪም ይሁን ባለ ጨፌ፣ ጉጉት በዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

በእርግጠኝነት የሚታወቀው የቅድመ አያቶቹ ሙያ ነው። ሃንስ ጌኦርግ ኦይለር የተባለው አባት ከሊንዳው ተነሥቶ በ1594 የስዊሷ የባዝል ከተማ ነዋሪነት መብት ሲያገኝ ሙያው ሚዶ መሥራት ነበር። እንግዲህ ማንኛችንም በየቀኑ በስሌት የምንጠራው ሰው የሚዶ ሠሪ ዘር ነው። ይህን በእኛ አገር ሁኔታ ሳነበው ቆም ብዬ ማሰቤ አልቀረም። እዚህ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ለብዙ ዘመን ቡዳ እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር በመስደዱ ነው። በባዝል ግን የእጅ ሙያተኞች በማኅበር ተደራጅተው የከተማው አስተዳደር ተካፋዮች ነበሩ፤ የሚዶ ሠሪ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ የሚደነቅ አልነበረም።

የሌዮንሃርድ አባት ፓውል ኦይለርም ከዚህ ቤተ ሰብ ወጥቶ ቄስ ሆነ። ሥነ መለኮት በሚማርበት ጊዜ የታላቁን የያዕቆብ በርኑሊን የሒሳብ ትምህርት ይከታተል ነበር። ልጁ ሚያዝያ 15 ቀን 1707 በባዝል ተወልዶ፣ አባቱ በተሾመባት በአጎራባቿ የሪየን መንደር አደገ። የመጀመሪያውን ሒሳብ ያስተማረው አባቱ ነው። በ1720፣ በ13 ዓመቱ፣ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያን ጊዜ የሒሳብ ወንበር የያዘው የያዕቆብ ታናሽ ወንድም ዮሐን በርኑሊ ቁጡና ጊዜ የሚያጥረው ሰው ስለነበር ለብቻው ሊያስተምረው አልወደደም፤ ከባድ መጻሕፍትን ራሱ እንዲያነብና ያልገባውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዞ እንዲመጣ ፈቀደለት። ወጣቱም መምህሩን ላለማድከም ሲል የሚጠይቀውን ጥያቄ ለማሳነስ ሳምንቱን ሙሉ ይታገል ነበር። ጥሩ መምህር አንዳንድ ጊዜ የማይገኝ መምህር ነው የሚያሰኝ ነው።

በ20 ዓመቱ የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ውድድር ላይ፣ በመርከብ ላይ ምሰሶዎች የት የት ቢተከሉ እንደሚሻል ጽፎ ሁለተኛ ወጣ። የተወለደው ባሕር በሌለበት አገር ነው፤ ባሕር ላይ የሚሄድ መርከብ እንኳ አላየም ነበር። በዚያው በ1727 በባዝል የፊዚክስ መምህርነት ለማግኘት ያደረገው ሙከራ ሳይሳካ ቀረ። ስለዚህ ታላቁ ጴጥሮስ ያቀደው አዲሱ የሩሲያ አካዳሚ ወደሚገኝበት ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተጓዘ። መጀመሪያ የተቀጠረው በሥነ አካል ክፍል ነበር፤ ለጥቂት ዓመታትም በሩሲያ ባሕር ኃይል አገልግሏል። በ1730 የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1733 የዮሐን በርኑሊ ልጅ ዳንኤል ወደ አገሩ ሲመለስ የሒሳቡ ወንበር ለእርሱ ተሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት የሠዓሊውን የጌኦርግ ግዘልን ልጅ ካታሪናን አገባ። 13 ልጆች ወልደው ለአካለ መጠን የደረሱት 5 ብቻ ናቸው።

በዚህች ከተማ የሠራው ብዙ ነው፤ በ1736 የእንቅስቃሴን ሕግ በካልኩለስ የሚያስተነትነውን ሁለት ጥራዝ የመካኒክ መጽሐፍ አሳተመ፤ የኮኒግስበርግን ሰባት ድልድዮች እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ መጨረስ አለመቻሉን በማረጋገጥም ዛሬ የኤሌክትሪክና የመንገድ አውታር ለምንተነትንበት የሒሳብ ዘርፍ በር ከፈተ። ከዚህ ይልቅ ወደ ዐይኑ ጉዳይ ልለፍ። በ1735 በከባድ ትኩሳት ታሞ ከሞት ተረፈ፤ በ1738 የቀኝ ዐይኑ ጠፋ። እርሱ ምክንያት ያደረገው በሩሲያ ካርታ ሥራ ላይ የደከመውን ድካም ነበር፤ የኋላ ሐኪሞች ግን የትኩሳቱ መዘዝ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

በ1741 የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ ጠርቶት ወደ በርሊን ሄደ፤ በዚያም 25 ዓመት ኖረ። ለእኛ ለመሐንዲሶች ይህ ዘመን ከሁሉ የበለጠ ነው። በ1744 ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስለ ቀጫጭንና ተለማጭ ዘንጎች መጉበጥ አንድ ተጨማሪ ምዕራፍ አስገባ። ከዚያ የወጣው ቀመር ዛሬ እያንዳንዱ የማኅበራችን አባል በመጀመሪያ ዓመታቱ የተማረው የምሶሶ ቀመር ነው። ነገሩን ለመረዳት ቀጭን ማስመሪያ በሁለት መዳፍ መካከል አቁሞ መጫን ይበቃል። ማስመሪያው አይሰበርም፤ አይደቅም፤ የተወሰነ ልክ እስኪደርስ ቀጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት ወደ ጎን ይጎብጣል። ኦይለር ያገኘው ያንን ልክ ነው። ይህም ልክ በቁሱ የመሰበር ጥንካሬ ላይ የተመሠረተ ሳይሆን በግትርነቱ፣ በመስቀለኛ ቁራጩ ቅርጽና በርዝመቱ ላይ የተመሠረተ ነው።

የዚህን ክብደት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ሲሠሩ የምናያቸውን መጋዘኖችና ፎቆች ብቻ እንመልከት። አርማታ ሲሞላ ሶሌታውን የሚሸከመው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሠራተኞቻችን ከጣሊያኖች በወረሱት ቃል ፑንቴሎ ይሉታል። በቀመሩ መሠረት የሚሸከመው ጭነት ከርዝመቱ ካሬ ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ስለዚህ 3 ሜትር ሆኖ የሚበቃ ፑንቴሎ፣ ፎቁ ከፍ ብሎ ሁለት እንጨት ተቀጣጥሎ 6 ሜትር ቢደረግ፣ የሚሸከመው የመጀመሪያውን ሩብ ብቻ ነው፤ ያውም ቅጥያው እንደ አንድ እንጨት የጸና እንደሆነ ነው። መካከሉ ላይ በአግድሞሽ በሁሉም አቅጣጫ ተወጥሮ ቢታሰር ግን የቀድሞውን ያህል መልሶ ይሸከማል። ውፍረቱ ላይ የሚደረገው ቸልታ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው እንጨት ምትክ 8 ሳንቲ ሜትር ቢቆም፣ ዐይን ልዩነቱን እምብዛም አያየውም፤ አቅሙ ግን ከመቶ ወደ 41 ይወርዳል። ከቃሊቲ ፋብሪካ የሚወጣው ቱቦላሬ ውስጡ ባዶ ሆኖ ዳር ዳሩን ብረት የያዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያንኑ ክብደት ያለው ብረት ድፍን ዘንግ ቢሆን ቶሎ ይጎብጥ ነበር።

ቀመሩ ለመቶ ዓመት ያህል ብዙም አልተሠራበትም። የዚያን ዘመን ምሶሶ ወፍራም ድንጋይና ወፍራም ግንድ ስለነበር ከመጉበጡ በፊት ይደቅ ነበር፤ በእንዲህ ዓይነቱ አጭርና ወፍራም ምሶሶ ላይ ቀመሩ እንደማይሠራ ልብ ይሏል። ቀጭን የብረት አካል በድልድይና በባቡር ጣቢያ መግባት ሲጀምር ነው የኦይለር ምዕራፍ ከመደርደሪያ የወረደው። ካወረዱትም በኋላ ሁሉም በሚገባ አልተጠቀሙበትም። ኦይለር በተወለደ በ200ኛው ዓመት፣ ነሐሴ 29 ቀን 1907፣ በካናዳ የሚሠራው የኩቤክ ድልድይ የታችኛው ተጨማቂ አካል ጎብጦ ድልድዩ ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ 75 ሠራተኞች አለቁ። ከመውደቁ ከቀናት በፊት አካሉ መጣመሙ በሥፍራው ታይቶ ነበር፤ ሥራውን እንዲያቆም ሥልጣን ያለው ሰው ግን በጊዜው አልደረሰም።

ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ መቅረቱ ለኦይለርም እንግዳ አልነበረም። ንጉሥ ፍሬድሪክ በፖትስዳም ሳንሱሲ የተባለውን የበጋ ቤተ መንግሥቱን ሲያሠራ በአትክልቱ ውስጥ 30 ሜትር ያህል ሽቅብ የሚፈናጠር ውሃ እንዲኖር ፈለገ። ዕቅዱ ከሃፈል ወንዝ የሚመጣውን ውሃ በነፋስ ኃይል በሚሠራ ፓምፕ ወደ 50 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ ወደሚገኝ ጉድጓድ ማውጣት፣ ከዚያ ቁልቁል መልቀቅ ነበር። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ቧንቧዎቹ ከእንጨት ተሠሩ፤ ሥራውም ለሙያው ብዙ ላልቀረቡ ሰዎች ተሰጠ። በ1749 ፓምፑ ሲሞከር ቧንቧዎቹ ፈነዱ።

ኦይለር ጉዳዩን እንዲመረምር የተጠየቀው በዚህ ጊዜ ነው። እርሱም ችግሩን ከሥሩ ያዘው። እስከዚያ ድረስ ቧንቧ ሠሪዎች የሚያስቡት የውሃውን ከፍታ ብቻ ነበር፤ ኮረብታው ያን ያህል ከፍ ካለ ግፊቱ ያን ያህል ነው ይላሉ። ኦይለር ግን የፓምፑ በትር በተንቀሳቀሰ ቁጥር በረዥሙ ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ ከቆመበት መነሣትና መፍጠን እንዳለበት፣ ለዚህም የሚያስፈልገው ተጨማሪ ግፊት ከከፍታው ግፊት በላይ ሊሆን እንደሚችል በስሌት አሳየ። ቧንቧው በጠበበ ቁጥር ውሃው የበለጠ መፍጠን ስላለበት አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ሰፊ ቧንቧ፣ ከእንጨት ይልቅ ብረት፣ የግድግዳውም ውፍረት በሙከራ የተረጋገጠ እንዲሆን መከረ፤ አሁን በተያዘው መንገድ ከቀጠለ ውሃው ኮረብታው ላይ እንደማይደርስም ለንጉሡ በደብዳቤ አስታወቀ። ምክሩ አልተወሰደም። ዓመታት አለፉ፤ ገንዘቡ አለቀ፤ ውሃው አልወጣም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። ፍሬድሪክ ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1778፣ ለፈረንሳዊው ደራሲ ለቮልቴር በጻፈው ደብዳቤ ላይ የውሃው ሥራ የከሸፈው በኦይለር ስሌት ምክንያት እንደሆነ አድርጎ ሒሳብን አላገጠበት። ደብዳቤው ታተመ፤ ኦይለር ግን ለንጉሡ የጻፈው ማስጠንቀቂያ በመዝገብ ቤት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ፣ ወረቀት ላይ አዋቂ፣ ሜዳ ላይ ግን አላዋቂ የሆነ ሊቅ ሲፈለግ ኦይለር በምሳሌነት ይጠቀስ ነበር። ሚካኤል ኤከርት የተባለ ጀርመናዊ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊ ሰነዶቹን መርምሮ በ2002 እስካሳተመ ድረስ እውነቱን የሚያውቁ ጥቂቶች ነበሩ። ሳንሱሲ ውስጥ ውሃው በታቀደው መጠን ሽቅብ የተፈናጠረው በ1842፣ በቦርዚግ የእንፋሎት ሞተር ኃይል ነው። ያን ጊዜ ፍሬድሪክም ኦይለርም ከሞቱ ከ50 ዓመት በላይ አልፏቸው ነበር።

ይህን ታሪክ በሰፊው ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በሙያችን ውስጥ ሥራ ሲበላሽ መሐንዲሱ ምን ብሎ እንደነበር የሚጠየቀው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያድነው በቀኑ የተጻፈና ቅጂው የተቀመጠ ወረቀት ብቻ ነው። ኦይለርን ያዳነው ወረቀቱ ነው፤ ለመዳን ግን 250 ዓመት ያህል ፈጀበት።

ውሃን በሚመለከት በበርሊን የሠራው ሌላው ሥራ ከዚህ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። ዜግነር የተባለ ፕሮፌሰር በ1750 ገደማ ውሃ ከክንዶቹ ጫፍ ሲፈናጠር ወደ ኋላ የሚሽከረከር መዘውር ሠርቶ ነበር። ኦይለር ይህን ተመልክቶ ውሃው ወደሚሽከረከረው አካል ሲገባ የሚይዘውና ሲወጣ የሚቀረው የዙረት ግፊት ልዩነት የመዘውሩን ጉልበት እንደሚሰጥ በ1750ዎቹ አጋማሽ ጻፈ። ውሃው በትክክለኛው ማዕዘን እንዲገባ የሚመሩት ቋሚ ቅጠሎች እንደሚያስፈልጉም በሥዕል አሳየ። የዘመኑ አንጥረኞች ሊሠሩት የሚችሉት አልነበረም። የስዊሱ ፕሮፌሰር ያኮብ አከሬት በ1944 ሥዕሉን ተከትሎ ተርባይኑን ቢያሠራው ከውሃው ጉልበት ከመቶ 71 የሚበልጠውን ሥራ ላይ አዋለ። የስዊስ መንግሥትም ከ1979 ጀምሮ ባወጣው የ10 ፍራንክ ኖት ፊት ላይ የኦይለርን መልክ፣ በጀርባው ደግሞ የውሃ ተርባይን አትሞ ነበር።

በአቃቂ ወንዝ ላይ በ1930ዎቹ የተሠራው የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ኋላ 6.6 ሜጋዋት የደረሰው፣ ለአገራችን የውሃ ኃይል መነሻ ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሶ በ2016 ዳግመኛ ሥራ ጀመረ። የእርሱም ይሁን ከእርሱ በኋላ የተሠሩት የታላላቆቹ ተርባይኖች ስሌት የሚጀምረው ከዚያው ከኦይለር እኩልነት ነው። በአቃቂ የመለዋወጫ ፋብሪካ ጊር የሚቀርጹ ባልደረቦቻችንም ከእዳው ነፃ አይደሉም፤ የጥርሶቹ ጎን ከክብ ላይ እንደሚፈታ ክር ያለ ቅርጽ፣ ኢንቮሉት የሚባለውን ቢይዝ ሁለቱ ጎማዎች ሳይንገጫገጩ በእኩል ፍጥነት እንደሚዞሩ በ1760ዎቹ ያሳየው እርሱ ነው።

የበርሊን ኑሮው ግን እየመረረ ሄደ። ፍሬድሪክ ቅኔና ፍልስፍና የሚቀምሙ ፈረንሳውያን የሚወድ ንጉሥ ነበር፤ ኦይለር ደግሞ ዝምተኛ፣ ጸሎተኛና ልብሱ ተራ የሆነ ሰው ነው። ንጉሡ በአንድ ዐይናው የግሪክ ተረት ጭራቅ ስም እየጠራ ይቀልድበት ነበር። በ1760 በጦርነቱ ጊዜ የሩሲያ ጦር በሻርሎተንበርግ የነበረውን እርሻውን ዘረፈበት፤ የሩሲያ መንግሥት ግን የማን እርሻ እንደሆነ ሲያውቅ ኪሳራውን ከነጭማሪው ከፈለው። በጠላትነት የዘመተችው ሩሲያ ከአሠሪው ንጉሥ ይልቅ አከበረችው ማለት ነው። ንግሥት ካትሪን 2ኛ ስትጠራው በ1766 ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ፤ ዕድሜው 59 ነበር።

እዚያ እንደደረሰ የቀረው የግራ ዐይኑ ሞራ ለበሰ። በ1771 ቬንትዘል የተባለ ሐኪም ሞራውን በቀዶ ሕክምና አወጣለት፤ ለጥቂት ቀናት ዓለምን እንደገና አየ። ከዚያ ቁስሉ መርቅዞ ፈጽሞ ታወረ። በዚያው ዓመት በከተማው በተነሣ ታላቅ ቃጠሎ ቤቱ ሲጋይ፣ የሚያወጣው ሰው አጥቶ እንደቆመ ፒተር ግሪም የተባለ የባዝል ተወላጅ የሆነ የእጅ ሙያተኛ ነበልባሉን ጥሶ ገብቶ በትከሻው ተሸክሞ አወጣው። መጻሕፍቱ ተቃጠሉ፤ የእጅ ጽሑፎቹ አብዛኞቹ ተረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤቱ ካታሪና ሞተች።

አንድ ሰው ከዚህ በኋላ ቢያርፍ የሚፈርድበት የለም። ኦይለር ግን በሕይወቱ ከጻፋቸው ከ860 የሚበልጡ ሥራዎች ግማሽ ያህሉን የሠራው ከ1766 በኋላ ነው። የአልጀብራ መጽሐፉን ቃል በቃል ያስጻፈው ልብስ ሰፊነት የተማረ ሌላ እውቀት የሌለውን አገልጋይ ነው፤ አገልጋዩ ጽፎ ሲጨርስ አልጀብራውን ራሱ ችሎት ነበር ይባላል። መጽሐፉ በቀላልነቱ እስከ ዛሬ የሚመሰገነው ምናልባት ለዚያ አገልጋይ እንዲገባ ሆኖ ስለተነገረ ይመስለኛል። በ1772 የታተመው የጨረቃ እንቅስቃሴ ጥናቱ 775 ገጽ ሲሆን፣ ስሌቱን በጭንቅላቱ እያዘጋጀ ልጁ ዮሐን አልብረኽትና ሁለት ረዳቶቹ ይጽፉለት ነበር። ቨርጂል የተባለውን የሮማዊ ባለቅኔ ረዥም ግጥም ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀው ስለነበር፣ በመጽሐፉ የእያንዳንዱ ገጽ የመጀመሪያና የመጨረሻ መስመር ምን እንደሆነ ይናገር ነበር። በአዳሪ ትምህርት ቤት ዳዊት በቃሉ የደገመ ዓይነ ስውር ሊቅ ለሚያውቅ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ የሚያስገርም ቢሆንም የማይታመን አይደለም።

ከዚህ ዘመን ሥራዎቹ ለእኛ የሚቀርበው በ1776 የሆነው ነው። ኢቫን ኩሊቢን የተባለ በራሱ የተማረ ሰዓት ሠሪ በኔቫ ወንዝ ላይ 298 ሜትር በአንድ ቅስት የሚሻገር የእንጨት ድልድይ አቀደ። አካዳሚው ሳይንቅ ተቀበለው፤ ከአሥር አንድ ያህል የሆነ ሞዴል ተሠራ። ጥያቄው ሞዴሉ ከቆመ ድልድዩ ይቆማል ወይ ነበር። መጠን አሥር ጊዜ ሲያድግ ክብደት ሺህ ጊዜ፣ የእንጨቱ መስቀለኛ ስፋት ግን መቶ ጊዜ ብቻ ያድጋልና በሞዴል የተረጋገጠ ሁሉ በትልቁ አይረጋገጥም። ዓይነ ስውሩ ኦይለር ሞዴሉ ምን ያህል ቢሸከም ድልድዩ ራሱን እንደሚችል የሚያስታውቅ ቀላል ደንብ አወጣ፤ የኩሊቢንንም ስሌት አይቶ አጸደቀ። በታኅሣሥ መጨረሻ ሞዴሉ ላይ ከ50 ቶን በላይ ተጭኖ ጸና። ድልድዩ ግን በገንዘብ እጦት ሳይሠራ ቀረ። የአካዳሚው ሊቅና ትምህርት ቤት ያልገባው ሰዓት ሠሪ በአንድ ሞዴል ላይ መስማማታቸው፣ ሚዶ ሠሪ አያቶቹን ለማያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር የሚያስደንቅ አይሆንም።

በ1776 የሟች ባለቤቱን እኅት ሳሎሜ አቢጋይልን አግብቶ የመጨረሻዎቹን ዓመታት በሰላም ኖረ። መስከረም 18 ቀን 1783 ጠዋት አንዱን የልጅ ልጁን ሒሳብ ሲያስተምር ዋለ። ከሁለት ዓመት በፊት ስለተገኘችው ስለ ኡራኑስ ፕላኔት ምሕዋር ከረዳቱ ከሌክሰል ጋር ተነጋገረ። ሲመሽ ከልጅ ልጁ ጋር እየተጫወተ ሻይ ሲጠጣ በአንጎሉ ደም ፈሶ ሞተ። ዕድሜው 76 ነበር። መቃብሩ መጀመሪያ በስሞሌንስክ የሉተራውያን መካነ መቃብር ሲሆን፣ ለ250ኛው የልደት መታሰቢያው አጽሙ ወደ አሌክሳንድር ኔቭስኪ ገዳም ተዛውሯል።

በዚያ ዓመት በፈረንሳይ የሞንጎልፊየ ወንድማማቾች የመጀመሪያውን ባሎን ወደ ሰማይ ለቅቀው ወሬው አውሮፓን ሞልቶት ነበር። ኦይለር ከሞተ በኋላ ዘወትር በጠመኔ በትልልቁ ይጽፍበት በነበረው ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ ባሎን ምን ያህል ከፍታ ድረስና በምን ፍጥነት እንደሚወጣ የሚያሰላ ስሌት ተገኘ። ጽሑፉ ሰሌዳው ላይ እንደተገኘ ተገልብጦ ወደ ፓሪስ ተላከ፤ በ1784ም ታተመ።